ወርዱ 50 ጫማ የሆነውን ቦታችንን የከፈልንበት መንገድ

ሎስ አንጀለስ ያለው ቦታችን ወርዱ 50፣ ቁመቱ 120 ጫማ ነው። ለልጃችን ለማካፈል በቁመቱ የሚከፍል ንድፍ ብናቀርብም፣ የአር 1 (ለአንድ ቤተሰብ መኖሪያ ቤቶች የተመደበ) ክልል መደበኛ ደንብ ለእያንዳንዱ ቦታ ቢያንስ 5,000 ካሬ ጫማ ስፋትና 50 ጫማ ወርድ ስለሚጠይቅ ተመለሰብን።

መፍትሔ የሆነን እ.ኤ.አ. ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ የሚሠራበት ኤስ ቢ 9 የተባለው የካሊፎርኒያ ሕግ ነው፤ እርሱ የሚጠይቀው እያንዳንዱ ክፋይ ከ1,200 ካሬ ጫማም ሆነ ከዋናው ቦታ 40 በመቶ እንዳያንስ ነው። ስለዚህ መስመሩን አግድም አዞርነው፦ 72 ጫማው ከነቤቱ ለፊተኛው፣ 48 ጫማው ማለትም 2,400 ካሬ ጫማ ለኋለኛው ደረሰ። ይህ ልክ 40 በመቶ በመሆኑ ቀያሹ የለካው ከአሮጌው አጥር ሳይሆን ከድንበር ችካሉ ነው (አጥሩ አንድ ስንዝር ያህል ወደ ውስጥ ገብቶ ነበር)። ለኋለኛው በመኪና መግቢያው ጠርዝ የመተላለፊያ መብት አስመዘገብን፤ 3 ዓመት እዚያው ለመኖር ማሰባችንንም በመሐላ አረጋግጠን ፈረምን።