ሰርቪሱ ሼር ፎልደር ውስጥ አልገባ ሲል የምንሠራቸው ስህተቶች

አንድ ኮምቦልቻ ያለ መጋዘን «ባካፑ ሦስት ሌሊት ሙሉ ምንም አልገለበጠም» ብሎ ጠራኝና ከደሴ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወረድኩ። የሒሳብ ሠራተኛዋ ዜድ ድራይቭን፣ ማለትም ሰርቨሩ ላይ ያለውን ሼር ፎልደር፣ ከፍታ «ይኸው ወንድሜ፣ ይሠራል እኮ!» አለችኝ። እውነቷን ነው። «አላገኘሁትም» የሚለው ሰርቪስም፣ ማለትም ሰው ሳይከፍተው ከጀርባ የሚሠራው የባካፕ ፕሮግራም፣ እውነቱን ነው።

«እኔ ስከፍተው ይከፈታል» ብሎ ማመን

ዜድ ድራይቭ የተፈጠረው በእሷ ሎጊን ስር ነው። ሰርቪሱ የሚነሳው በራሱ ሴሽን፣ ከእሷ በተለየ ሎጊን፣ ስለሆነ ዜድ የሚባል ነገር አያውቅም። ሰርቪስ ላይ የድራይቭ ፊደል አትስጡ፤ በሁለት ባክስላሽ የሚጀምረውን ሙሉ አድራሻ፣ የሰርቨሩንና የፎልደሩን ስም፣ ስጡት።

ይህን ሳስተካክል ኤረሩ 1326 ሆነ። ደስ አለኝ፤ ኤረር ሲለወጥ ወደፊት ሄደናል ማለት ነው። 53 ከሆነ ቤቱ ራሱ አልተገኘም፤ ስሙን፣ ኬብሉን፣ ፋየርዎሉ ላይ ፖርት 445ን እዩ። 1326 ሲሆን ዘበኛው፣ ማለትም ሰርቨሩ፣ ስማችሁን ወይም ፓስወርዳችሁን አልተቀበለም። 5 ደግሞ አውቋችኋል፣ ግን አላስገባም ብሏል።

በድንጋጤ ለ«ኤቭሪዋን» መክፈት

ከእኔ በፊት የመጣው ባለሙያ ፎልደሩን ለሁሉም ሙሉ ፐርሚሽን ሰጥቶት ነበር። ምንም አልረዳም፤ ዘበኛው ማንነታችሁን ሳያውቅ የመኝታ ቤቱን ቁልፍ መፍታት ነው። ችግሩ በእርግጥ ፐርሚሽን ሲሆን ደግሞ ሁለት ቦታ ተመልከቱ፦ በኔትወርክ ለሚመጣ የሚሠራው የሼሩ ፐርሚሽንና ዲስኩ ላይ ፎልደሩ ራሱ ያለው የኤንቲኤፍኤስ ፐርሚሽን። ጠበቅ ያለው ያሸንፋል።

ሰርቪሱ በማን ስም እንደሚነሳ አለማየት

ዋናው ይኼ ነው። ሎካል ሲስተምና ኔትወርክ ሰርቪስ የሚባሉት የዊንዶውስ የራሱ አካውንቶች ወደ ሌላ ማሽን ሲሄዱ የሚያቀርቡት የኮምፒውተሩን አካውንት ነው፤ ዶሜይን (አካውንቶችን ሁሉ ከአንድ ቦታ የሚያስተዳድር ሰርቨር) ካለ ለእሱ ፐርሚሽን መስጠት ይቻላል። መጋዘኑ ግን ዶሜይን የለውም፣ ወርክግሩፕ ነው፣ እያንዳንዱ ማሽን የራሱን አካውንቶች ብቻ ያውቃል፤ ሰርቨሩ ያንን አካውንት ከየት ይወቀው? ሁለቱም ማሽኖች ላይ አንድ ዓይነት ስምና ፓስወርድ ያለው ዩዘር ፈጠርኩ፤ ሰርቪሱንም በእሱ ስም አስነሳሁት።

የአድሚኑን አካውንት ማዋስ ግን ይቅርባችሁ። አድሚኑ ፓስወርድ በቀየረ ማግስት ሰርቪሱ 1069 ብሎ አልነሳም ይላል። ለሰርቪሱ የራሱን ዩዘር ስጡት፤ ፓስወርዱ ረጅም ይሁን፣ «አያልቅም» የሚለውም ምልክት ይደረግበት፤ ያለዚያ የዊንዶውስ ነባሪ የ42 ቀን ገደብ ይመጣባችኋል።

ሰዓቱን መናቅ

ዶሜይን ያላችሁ ተጠንቀቁ፤ ከርበሮስ፣ ዶሜይኑ ማንነት የሚያረጋግጥበት ዘዴ፣ በነባሪው በማሽኖቹ ሰዓት መካከል ከ5 ደቂቃ በላይ ልዩነት አይታገሥም። መብራት ሄዶ ሲመጣ የማዘርቦርዱ ባትሪ ከሞተ ሰዓቱ ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል። በእኛ አቆጣጠር 2፡00 ብሎ የሞላ ሰውም አጋጥሞኛል፤ አብሽር፣ ስድስት ሰዓት ብቻ ነው የሳተው!

አንዱን ሎግ ብቻ ማንበብ

የባካፑ ማሽን «አልተቻለም» ከማለት አያልፍም። ፋይሉ ያለበት ሰርቨር ላይ ኢቨንት ቪውወር የሚባለውን የዊንዶውስ ሎግ ማንበቢያ ከፍታችሁ፣ ሴኪዩሪቲ ስር 4625ን፣ ያልተሳካ ሎጊን የሚመዘገብበትን ቁጥር፣ ፈልጉ፤ ያልተሳካ ሎጊን እንዲመዘገብ ኦዲቱ ካልበራ አብሩት። መጋዘኑ ውስጥ ያገኘሁት ስም መጨረሻው ላይ የዶላር ምልክት ነበረው። የሰው ስም አይደለም፤ የባካፑ ኮምፒውተር የራሱ ስም ነው።