የአንጎልና የነርቭ ሕመም ምልክቶችን እንዴት መለየት፣ ሐኪም ቤትስ መቼ መሄድ ይገባል?

ቡናው ከአቦል ወደ ቶና ተሻግሯል። የቤቱ እናት ሲኒያቸውን ለመቀበል እጃቸውን ሲዘረጉ ሲኒው ከጣታቸው ሾልኮ ረከቦቱ ላይ ይወድቃል። «ዛሬ ደግሞ ምን ነካኝ?» ለማለት ይሞክራሉ፤ ቃሉ አፋቸው ውስጥ ይኮላተፋል። አንዷ ጎረቤት «ምች ነው» ትላለች፤ ሌላዋ ዳማከሴ ልትቀጥፍ ወደ ጓሮ ትወጣለች፤ ልጃቸው ትራስ ያመቻቻል። ትንሽ ጋደም ይበሉ፣ እንቅልፍ ሲወስዳቸው ይሻላቸዋል ይባላል። ጠዋት ቀኝ እጃቸውም ቀኝ እግራቸውም አልታዘዝ ይላል።

እንዲህ ያለ ነገር በብዙ ቤት ደርሷል። ክፉ ያሰበ አንድም ሰው የለም፤ ሁሉም የሚያውቀውን አድርጓል። ሴትዮዋ «ራሴን ፈለጠኝ» ብለው ቢጮኹ ኖሮ ቤቱ በአንድ እግሩ ይቆም ነበር። የያዛቸው ስትሮክ ነው፤ የአንጎል ደም ሥር በድንገት ሲዘጋ ወይም ሲደማ የሚመጣው ጉዳት። ስትሮክ ግን ብዙውን ጊዜ አያምም፤ ሰውን የሚያዘናጋውም ይኸው ነው።

1. መጀመሪያ ሰዓት ይመልከቱ

የነርቭ ምልክት ሲያጋጥም «ምን ያህል ያማል?» ከማለትዎ በፊት «እንዴት መጣ?» ብለው ይጠይቁ። በሰከንዶች ወይም በደቂቃዎች ውስጥ ዱብ ያለ ነገር፣ ማለትም እጅ መክዳት፣ አንደበት መያዝ፣ ዓይን መጋረድ፣ ሚዛን መሳት፣ አሁኑኑ ያስሮጣል። በቀናት ውስጥ እየባሰ የመጣ መዛል ወይም መደንዘዝ ያንኑ ዕለት መታየት አለበት። ለወራት ሲመላለስ የኖረና ጠባዩን ያልለወጠ ነገር ቀጠሮ ሊጠብቅ ይችላል። መለኪያው ፍጹም አይደለም፤ ሐኪም ላልሆነ ሰው ግን ከሕመሙ ብርታት የተሻለ መሪ ነው።

ሰዓቱን ይጻፉት። የሚፈለገው ሰውየው ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ የታየበት ሰዓት ነው፤ ተኝቶ አድሮ ጠዋት ሽባ ሆኖ ለተገኘ ሰው የሚቆጠረው ከመኝታው ጀምሮ ነው። በረጋ ደም ለሚመጣው ስትሮክ፣ የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በአብዛኛው የሚሰጠው ምልክቱ በጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ስለሆነ ሐኪሙ አስቀድሞ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። በውጭ አገር የሚኖሩ አንባቢዎች አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ እናት «እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ደህና ነበርኩ» ሲሉ በሐበሻ አቆጣጠር ነው። ለሐኪሙ «2 ሰዓት» ተብሎ ከተተረጎመ ስሌቱ በ6 ሰዓት ይዛነፋል፤ የሚደርስ መድኃኒት አልፎበታል ሊባል ይችላል።

2. ሦስቱን ፈተናዎች ያድርጉ

ፊት ለፊት ይቀመጡና «ጥርስዎን ያሳዩኝ» ይበሉ፤ አንዱ የአፍ ጥግ ወደ ታች ተንጠልጥሎ እንደሆነ ያስተውሉ። ቀጥሎ ታማሚው ዓይኑን ጨፍኖ ሁለቱንም እጆቹን፣ መዳፉን ወደ ላይ አድርጎ፣ ወደ ፊት ይዘርጋ። እስከ አስር ሲቆጥሩ አንደኛው እጅ ቀስ እያለ ይወርዳል? በመጨረሻ ሁሉም የሚያውቀውን ምሳሌያዊ አነጋገር ያስደግሙት፤ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይበቃል። ቃሉ ከተኮላተፈ፣ ከተዘበራረቀ ወይም ጭራሹን አልወጣ ካለ መልሱን አግኝተዋል። ከሦስቱ አንዱ በድንገት መበላሸቱ ለመነሳት በቂ ነው፤ ሁለቱ ደህና ናቸው ብለው አይጽናኑ።

በኢትዮጵያ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። በአሜሪካ 911፣ በአውሮፓ 112፣ በእስራኤል 101፣ በሳዑዲ ዓረቢያ 997፣ በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች 998 ይደወላል። አምቡላንሱ የሚዘገይ ከሆነ ታክሲም ይሁን የጎረቤት መኪና ይያዝ። መንገድ ላይ ሳሉ ሲቲ ስካን (የአንጎልን ውስጥ የሚያሳይ የራጅ ምርመራ) የሚሠራው ሆስፒታል የትኛው እንደሆነ በስልክ ማጣራት ከበር ወደ በር መንከራተትን ያስቀራል።

እስከዚያው ምንም አያጉርሱ፣ ምንም አያጠጡ። ወተትም፣ ጠበልም፣ ሻይም ቢሆን፤ የጉሮሮው ጡንቻ ሰንፎ ከሆነ ወደ ሳንባ ይገባል። አስፕሪንም ይቆይ፤ ስትሮኩ የመጣው በደም መርጋት ይሁን በደም መፍሰስ በዓይን አይለይም፣ ለሁለተኛው ደግሞ አስፕሪን ጠንቅ ነው። የደም ግፊት መድኃኒት ደራርቦ መስጠትም አይገባም። ታማሚው የስኳር በሽተኛ ከሆነና መለኪያው ቤት ውስጥ ካለ ስኳሩን ይለኩ፤ የስኳር ማነስ ስትሮክን ቁርጥ አድርጎ ይመስላል። ዝቅ ብሎ ከተገኘና ሰውየው ነቅቶ በደንብ መዋጥ ከቻለ ብቻ የስኳር ውኃ ይሰጠዋል።

ምልክቱ በአሥር ደቂቃ ውስጥ እልም ብሎ ቢጠፋስ? «ተመስገን» ተብሎ ወደ ሥራ የሚመለሱት ብዙዎች ናቸው። ይህ ግን በሚቀጥሉት ቀናት ሊመጣ የሚችለው ትልቁ ስትሮክ የላከው መልእክተኛ ነው፤ ያንኑ ዕለት መታየት አለበት።

ስለ ምችም ጥቂት ልበል። ፊት ብቻ ተጣሞ እጅና እግር ደህና ከሆኑ፣ ግንባርን መኮሳተርም የአንድ ወገን ዓይንን መክደንም ካቃተ፣ ጉዳዩ ብዙውን ጊዜ የፊት ነርቭ መቆጣት ነው። በስትሮክ ጊዜ ግንባር አብዛኛውን ጊዜ ይኮሳተራል። ያም ሆኖ ፍርዱን ለሐኪም ይተዉት፤ የፊት ነርቭም ቢሆን መድኃኒቱ ይበልጥ የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ነውና ዳማከሴው ሳምንት ሊያስጠብቅ አይገባም።

3. ሰው ወድቆ ሲንቀጠቀጥ

እዚህ ላይ ከሚደረገው ይልቅ የማይደረገው ይበዛል። ክብሪት ጭሮ ማሽተት ሰውየውን አያነቃውም፤ ጭሱ ትንፋሽ ያውካል፣ እሳቱም ያቃጥላል። ማንኪያ በጥርሱ መካከል ማስገባት ጥርስ ይሰብራል፤ ሰው ምላሱን አይውጥም። እጅና እግሩን አጥብቆ መያዝ ትከሻ ያወልቃል። እሳት፣ ድንጋይና ስለት ከአጠገቡ ያርቁ፤ ከራሱ ሥር ነጠላ ወይም ጃኬት ያድርጉ፤ የሸሚዙን አንገት ይፍቱ። መንቀጥቀጡ ሲያቆም በጎኑ ያስተኙት፣ ምራቁ ወደ ውጭ ይፍሰስ።

ሰዓት መያዝ እዚህም ይሠራል፤ ተመልካቹ ደንግጦ ስለሆነ አንዱ ደቂቃ ሩብ ሰዓት ይመስለዋል። ከ5 ደቂቃ ካለፈ፣ ሳይነቃ ከደገመው፣ ከዚህ በፊት አጋጥሞት የማያውቅ ከሆነ፣ ውኃ ውስጥ ወይም እሳት ላይ ከወደቀ አምቡላንስ ይጠራ። ነፍሰ ጡር ወይም በቅርቡ የወለደች ሴት ከተንቀጠቀጠች የእርግዝና ደም ግፊት ሊሆን ስለሚችል አንድ ደቂቃም አይጠበቅም።

የሚጥል በሽታ መድኃኒት ጀምረው ጠበል ሲገቡ ያቋረጡ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። በድንገት ማቋረጥ የማያባራ መንቀጥቀጥ ሊያመጣና ሊገድል ይችላል። ጠበሉን የሚጠመቅ ይጠመቅ፤ ክኒኑም በሰዓቱ ይዋጥ።

4. ራስ ምታት

አብዛኛው ራስ ምታት አይገድልም። ማይግሬን ሰውን ጨለማ ክፍል ውስጥ አስተኝቶ የሚያስለቅስ ቢሆንም ያልፋል። የሚያስፈራው እንግዳ የሆነው ነው፦ በአንድ ደቂቃ ውስጥ እንደ መብረቅ ጣሪያ የነካ፤ ከትኩሳትና አንገትን አጎንብሶ አገጭን ከደረት ማድረስ ከመከልከል ጋር የመጣ (ማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል)፤ ጭንቅላት ከተመታ በኋላ የሚያስመልስና የሚያደነዝዝ፤ ከ50 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የጀመረ፤ በየሳምንቱ እየበረታ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ቀጠሮ አይጠብቁም።

በክረምት ሌሊት በተዘጋ ቤት ከሰል ተለኩሶ የቤተሰቡ አባላት ሁሉ በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው፣ ካዞራቸው ወይም ካቅለሸለሻቸው ምክንያቱን ከራሳቸው ውስጥ አይፈልጉ። በር ተከፍቶ ሁሉም ወደ ውጭ ይውጣ፣ ከዚያም ወደ ሐኪም ቤት። የከሰሉ ጋዝ ሽታ የለውም፤ የተኛውን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል።

ማስታገሻ በወር ከአሥር ወይም ከአሥራ አምስት ቀን በላይ የሚወስድ ሰው ደግሞ ራስ ምታቱን የሚያመላልሰው መድኃኒቱ ራሱ ሊሆን ይችላል።

5. እግር ሲደነዝዝና ሲከዳ

ሁለቱ የእግር ጫፎች ሲቃጠሉ ወይም ጉንዳን የሄደባቸው ያህል ሲወርራቸው የከረመ ሰው ስኳሩን ይመርመር፤ የቫይታሚን ቢ12 እጥረትም አልኮልም እንዲሁ ያደርጋሉ። በሰሜንና በመካከለኛው የአገራችን ክፍል ድርቅ ሲመጣ ጓያ ለወራት ዋና ምግብ የሆነባቸው ቤቶች እግር መገተርንና ማነከስን ያውቁታል፤ ጉዳቱ የማይመለስ ስለሆነ መጀመሪያ እግር ከበድ ሲል ጓያውን ማቆም ያስፈልጋል።

የእግር መዛል ከሽንት መከልከል ወይም ማምለጥ ጋር፣ ወይም በመቀመጫ አካባቢ ከመደንዘዝ ጋር ከመጣ አከርካሪው ውስጥ የተጫነ ነገር አለ ማለት ሊሆን ይችላልና ያንኑ ዕለት ሆስፒታል ይደረስ። ከእግር ተነስቶ በቀናት ውስጥ ወደ ላይ የሚወጣ መስነፍም እንዲሁ ነው፤ ትንፋሽ ጋ ሳይደርስ። ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እጁ ወይም እግሩ በድንገት ከላላ ለጤና ጣቢያው ይነገር፤ ሠራተኞቹ የፖሊዮን ነገር ለማጣራት ሰገራውን ይልካሉ።

6. ሐኪም ፊት ሲቀርቡ

የሚወሰዱትን መድኃኒቶች ከነካርቶናቸው በከረጢት ይያዙ፤ የባህል መድኃኒትም ካለ ሳያፍሩ ይናገሩ። የሚያንቀጠቅጥ ወይም የሚያፈዝዝ ነገር ከሆነ በስልክ የተቀረጸ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ከብዙ ገለጻ ይበልጣል። ከሁሉ በላይ ግን ሰውየው ሲወድቅ ያየውን ሰው ይዘው ይሂዱ። የወደቀው ራሱ የሚያስታውሰው ነገር የለም፤ ቤተሰቡም የደረሰው ካለቀ በኋላ ነው። መጀመሪያ ዓይኑ ወደየት እንደዞረ፣ የትኛው እጅ ቀድሞ እንደተንቀጠቀጠ የሚያውቀው ብዙ ጊዜ በር ላይ ቆሞ የነበረው ዘበኛ ወይም ሱቅ የተላከው ልጅ ነው።