ላለመወፈር የበላችውን ሆን ብላ የምታስመልስ ልጅ ቤት ውስጥ ስትኖር ኩላሊቷን እንዴት መጠበቅ ይቻላል?

እዚህ ጎንደር ምግብ መተው ማንንም አያስደነግጥም። ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው፤ «ጾሜን ነኝ» ያለችን ልጅ ማን ደፍሮ ይጠይቃል? ስለዚህ መጀመሪያ ገበታውን ሳይሆን ከገበታ በኋላ ያለውን ተመልከቱ። እንደተነሣች መጸዳጃ ቤት ትገባለች፤ ውኃ በባልዲ ሲደፋ ይሰማል፤ ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል፣ ከጆሮዋ በታች ጉንጯ አብጧል።

ቀጥሎ ጠይቋት፤ ጎረቤት ለቡና በተሰበሰበበት ሳይሆን ለብቻዋ። ሕመም እንጂ ቅብጠት አይደለም። የሚያስቀምጥ ወይም የሚያሸና መድኃኒት ትወስድ እንደሆነም እወቁ። (ኮሶ አያቶቻችን የጠጡት ለትል እንጂ ለመክሳት አልነበረም።)

በማስመለስ የሚጎድላት ፖታሲየም (ልብና ጡንቻ እንዲሠሩ የሚያስፈልግ ማዕድን) ከትውከቱ ጋር የሚወጣ ይመስላል፤ አብዛኛው ግን የሚባክነው በሽንት ነው። ሰውነት ውኃና ጨው ሲያጥረው ኩላሊት ሶዲየሙን አጥብቆ ይይዝና ፖታሲየሙን ይለቃል። ይህ ለዓመታት ሲዘልቅ የኩላሊት ቀጫጭን ቱቦዎች ይጎዳሉ፤ ውኃን መልሰው መያዝ ያቅታቸዋል። ሌሊት ደጋግሞ ለሽንት መነሣትና የማይረካ ጥም ከዚያ ይመጣል።

ከዚያ ሐኪም ቤት። «ጨጓራዋን ያማታል» ብላችሁ አትለፉት፤ የጨጓራ መድኃኒት ይዛችሁ ትመለሳላችሁ፣ ፖታሲየሙንም ማንም አያየውም። ማስመለሷን በግልጽ ተናገሩና የኤሌክትሮላይት (በደም ውስጥ ያሉ ጨዎች)፣ የማግኒዚየምና የኩላሊት ምርመራ፣ እንዲሁም ኢሲጂ (የልብ ምት ቀረጻ) ጠይቁ። ጤናማው የፖታሲየም መጠን በሊትር ከ3.5 እስከ 5.0 ሚሊሞል ገደማ ነው፤ ከ2.5 በታች ለሕይወት ያሰጋል። ማግኒዚየም ካነሰ ፖታሲየሙ ቢሰጥም አልሞላ ይላል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ክሬያቲኒን ነው፤ የኩላሊት አሠራር በደም ምርመራ የሚገመትበት ቆሻሻ። ከጡንቻ የሚመጣ በመሆኑ፣ ከስታ ጡንቻዋ ያለቀ ልጅ ኩላሊቷ እየደከመ ቁጥሩ ደኅና ሊመስል ይችላል። «ኩላሊቷ ጤነኛ ነው» ስትባሉ ክብደቷን አስታውሱ፣ ለሐኪሙም አስታውሱት።

ልቧ ያለ ሥርዓት ከመታ፣ እግሯ ከከዳት ወይም ራሷን ከሳተች ቀጠሮ አትጠብቁ። አዘዞም ሁኑ ፒያሳ፣ በቀጥታ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት።

የፖታሲየም ክኒን ግን በራሳችሁ አትግዙ፤ የተጎዳ ኩላሊት ትርፉን ማስወጣት ካቃተው ልብ ሊያቆም ይችላል። ለረጅም ጊዜ የተራበችን ልጅም በአንድ ጊዜ አታጥግቧት፤ በደሟ ያለው ፎስፌት የተባለ ማዕድን በድንገት ሊወርድ ስለሚችል አመጋገቧን ሐኪም ይምራው።

ማስመለሱን ስታቆም እግሯ ሊያብጥ፣ ጫማዋ ሊጠባት ይችላል። «ይኸው ወፈርኩ» ብላ ታለቅሳለች። ውኃ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይጎድላል። ያን ሰሞን የሽንት ክኒን ከቤት አርቁ፣ ሰፋ ያለ ነጠላ ጫማም ግዙላት።