ጀሪካን እንደ ክብደት

ደብረ ማርቆስም ሆነ ቡሬ፣ ጂም ሳትገቡ እግር ማጠንከር ለምትፈልጉ፦ ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ውሃ ሙሉበት። 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ስለሆነ 5 ኪሎ ያዛችሁ ማለት ነው። ግን እስከ አፉ ይሙላ! ከጎደለ ውሃው ወዲያ ወዲህ እየተላጋ ሚዛን ያስታል፤ ወገብም ሊጎዳ ይችላል።

ደረታችሁ ላይ አቅፋችሁ፣ ከኋላ በርጩማ አድርጉና መቀመጫችሁ እስኪነካው ቀስ ብላችሁ ውረዱ፤ ሳታርፉበት ትንፋሽ እያወጣችሁ ተነሱ። 10 ጊዜ፣ 3 ዙር፣ በመሃል አንድ ደቂቃ ተኩል እረፍት። ተረከዛችሁ ከመሬት ከተነሳ በርጩማው ዝቅ ብሎባችኋል፤ ከፍ ያለ ፈልጉ። ሲቀላችሁ ውሃውን ደፍታችሁ ደረቅ አሸዋ ሙሉበት፣ ወደ 8 ኪሎ ይጠጋል።

ጉልበታችሁን የሚያማችሁ መጀመሪያ ሐኪም አማክሩ።