ዳይስ ከመጣልዎ በፊት፦ የሚና ጨዋታ ጀማሪ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ በቃል የሚካሄደው የሚና ጨዋታ አሠራሩ ቀላል ነው። አንዱ የጨዋታ መሪ ሆኖ ዓለሙን ይገልጻል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው «እንዲህ አደርጋለሁ» ይላሉ፤ ውጤቱ ሲያጠራጥር ዳይስ ይጣላል። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን እ.ኤ.አ. በ1974 ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የተባለውን የሚና ጨዋታ ካወጡ ወዲህ የሕግ ሥርዓቱ ዓይነት በዝቷል፤ የጀማሪው ስህተት ግን ያው ነው።

የመጀመሪያው፣ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ካላነበብኩ አልጫወትም ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ አምስተኛ እትም የተጫዋቾች መጽሐፍ ከ300 ገጽ ይበልጣል፤ ብዙው ክፍል ግን ሲያስፈልግ ብቻ የሚገለጥ የአስማትና የችሎታ ዝርዝር ነው። ዋናው ሕግ በአንድ ትንፋሽ ያልቃል፦ ባለ 20 ፊት ዳይስ ይጥላሉ፣ የችሎታዎን ቁጥር ይደምራሉ፣ መሪው ከያዘው ቁጥር ጋር ያነጻጽራሉ፤ ድምሩ ካላነሰ ይሳካልዎታል። የመካከለኛ ፈተና ቁጥር 15 ነው። ችሎታዎ 3 ከሆነ ዳይሱ 12 ወይም ከዚያ በላይ ማሳየት አለበት፤ ዕድልዎ 45 በመቶ ነው ማለት ነው።

ከሁሉ የከፋው ለማንኛውም ነገር ዳይስ ማስጣል ነው። አንድ ጊዜ እኔው በመራሁት ጨዋታ ታሪኩ በሙሉ የተንጠለጠለው በአንድ ደብዳቤ ላይ ነበር፤ ደብዳቤው በነጋዴው ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ተሸሽጓል። ፈልጉ አልኩና ዳይስ አስጣልኩ። የመጀመሪያው 4 አወጣ፣ ሁለተኛዋ 7፣ ሦስተኛው 2። ተጫዋቾቹ ባዶ በመሰላቸው መሳቢያ ላይ ተፋጠጡ፤ እኔም ያዘጋጀሁትን ሁሉ ታቅፌ ቀረሁ። ደብዳቤው መገኘቱ ግድ ከሆነ ዳይሱን ምን አገባው? መጠየቅ የነበረበት ጠባቂው ሳይደርስባቸው ያገኙታል ወይ የሚለው ነበር። አሁን ሲሳካም ሲከሽፍም ታሪኩ የሚሄድበት መንገድ ካልታየኝ ዳይሱን አላስነካም።

ሦስተኛው፣ ስመ ጥር ስለሆነ ብቻ አንዱን ሥርዓት ለሁሉም ዓይነት ታሪክ ማዋል ነው። ሕጉ የታሪኩን ጠባይ ይወስናል። የአስፈሪ ታሪክ ጨዋታ በሆነው በኮል ኦፍ ክቱሉ ችሎታዎ 60 ከሆነ፣ ከ1 እስከ 100 በሚጣለው ዳይስ 60 ወይም ከዚያ በታች ሲወጣ ይሳካልዎታል፤ ገጸ ባሕርይዎ አስፈሪ ነገር ባየ ቁጥር ደግሞ የአእምሮ ጤንነቱ በነጥብ ሊሸረሸር ይችላል። በሌላው ሥርዓት በአፖካሊፕስ ወርልድ የሚጣሉት ሁለት ባለ 6 ፊት ዳይሶች ናቸው፦ 10 እና ከዚያ በላይ ሙሉ ስኬት ነው፤ ከ7 እስከ 9 ዋጋ የሚያስከፍል ስኬት፤ ከዚያ በታች ችግር ይመጣል። ምንም ሳይደመር ከ36ቱ ጥምረቶች 15ቱ በመካከለኛው ያርፋሉ፤ የሥርዓቱ ጣዕም ያለው እዚያ ነው። እንደ ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ በየደረጃው እየበረታ የሚሄድ ጀግና የያዘ ሰው በቀላሉ አይፈራም፤ ፍርሃት የፈለገ ቡድን ሌላ ሕግ ይምረጥ።

የገጸ ባሕርይን የሕይወት ታሪክ በአሥር ገጽ ጽፎ መምጣትም አለ። ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፤ የቀረው እየተጫወቱ ይወጣል። «ገጸ ባሕርዬ እንዲህ ነው» እያሉ ጓደኛን መዝረፍና ማስመረር ግን ሰበብ ነው፤ ገጸ ባሕርይውን የፈጠሩት እርስዎ ነዎት። ምን ዓይነት ታሪክ እንደሚፈለግና የማይነካው ምን እንደሆነ ከመጀመሪያው ቀን በፊት ይነጋገሩ።

በመጨረሻ፣ ጨዋታው ሞቅ ባለበት ሰዓት ሕግ ፍለጋ መጽሐፍ ማገላበጥ። መሪው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይወስን፤ ጥያቄው ወረቀት ላይ ይስፈር፤ መጽሐፉ ሰው ከተበተነ በኋላ ይገለጥ። በእኔ ወረቀት ላይ ደጋግሞ የሚሰፍረው «ከከፍታ የወደቀ ምን ያህል ይጎዳል?» የሚለው ነው። በአምስተኛው እትም መልሱ በየ10 ጫማው አንድ ባለ 6 ፊት ዳይስ፣ ቢበዛ 20 ዳይስ ነው።