መኪናችሁ የሪኮል ጥሪ እንዳለባት እንዴት ታጣራላችሁ

ጎረቤቴ ደሴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ የሚኖር ልጅ ነው፤ በቅርቡ አሮጌ ቪትዝ ገዛ። ቁልፉን ሲያዞር ዳሽቦርዱ ላይ የኤርባግ መብራት በራ፣ ወዲያው ጠፋ። «አብሽር፣ ደህና ናት» አለኝ። ደህና ላትሆን ትችላለች። አምራቹ ጉድለት የተገኘባቸውን መኪኖች ለጥገና መልሶ ሲጠራ ሪኮል ይባላል፤ የእሷም ስም እዚያ ውስጥ ሊኖር ይችላል።

ታካታ የሚባለው የጃፓን ኩባንያ በሠራቸው ኤርባጎች ላይ የተገኘውን ጉድለት ያ መብራት አያውቀውም። ኤርባጉን የሚነፋው አሞኒየም ናይትሬት የሚባል ኬሚካል ነው፤ ሙቀትና እርጥበት ለዓመታት ሲፈራረቁበት ይበላሻል። ግጭት ሲመጣ ከልክ በላይ ይፈነዳና የያዘውን ብረት ሰባብሮ ፊትና አንገት ላይ ይረጨዋል። የመጀመሪያውን ጥሪ ሆንዳ በ2008 እ.ኤ.አ. አወጣ፣ ከዚያ ቶዮታ፣ ኒሳን፣ ማዝዳ ሁሉም ገቡበት፤ አሜሪካ ብቻ የተጠሩት ኤርባጎች ወደ 67 ሚሊዮን ይደርሳሉ። ከሚሴና ባቲ ፀሐይ ላይ የምትውል መኪና ያለው ሰው ይህን ቀለል አድርጎ እንዳያየው እለምናለሁ።

መጀመሪያ የሻንሲ ቁጥሩን፣ ማለትም የመኪናዋን መለያ ቁጥር ያዙ። ሊብሬው ላይ አለ፣ ግን ከመኪናዋ ጋር አመሳክሩት፣ ሲገለበጥ አንድ ፊደል ተሳስቶ ይሆናል። ብዙ ጊዜ በፊት መስታወቱ ታች ጥግ፣ ወይም የሾፌሩ በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ ታገኙታላችሁ። ለጃፓን ገበያ የተሠሩት ላይ ደግሞ ኮፈኑን ከፍታችሁ ከሞተሩ ጀርባ ያለው ላሜራ ላይ ተቀርጿል። የእኛው አቧራና ዘይት ሸፍኖት ስለነበር በእርጥብ ጨርቅ ጠርገን ነው ያነበብነው። ፎቶ አንሱት። 17 ሆሄ ከሆነ ኦ፣ አይ እና ኪው የሚባሉት የእንግሊዝኛ ፊደላት አይገቡበትም፣ ክብ ካያችሁ ዜሮ ነው።

ቀጥሎ መኪናዋ መጀመሪያ የተሸጠችበትን አገር እወቁ። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራች ከሆነ የአገሪቱ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ቁጥሩን አስገብታችሁ በነፃ ታያላችሁ። የጃፓኖቹ ቁጥር ከ17 ያነሰና መሃሉ ላይ ሰረዝ ያለው ስለሆነ እዚያ አይሠራም፤ የአምራቹ የጃፓን ገጽ ላይ ነው የሚፈለገው። ካልሆነላችሁ ለሕጋዊው አስመጪ ደውሉ፣ ለቶዮታ ሞኤንኮ ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ የተዞረ ከሆነ ወይም ኤርባጓ ከተፈታ መኪና የተገጠመ ከሆነ፣ ቁጥሩ ንጹህ ቢልም አይበቃም። ያ ኤርባግ የሌላ መኪና ነው። ለባለሙያው ሳትደብቁ ንገሩት።

ጥሪ ካለባት መንገድ ከመጀመራችሁ በፊት ደውላችሁ ቀጠሮ ያዙ። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነዳችሁ «ዕቃው የለም» መባል ያናድዳል። ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ለእኔ መኪና ዕቃው መጥቷል ወይ፣ ሥራው በነፃ ነው ወይ፣ እስከዚያ ልንዳት ወይስ ላቁማት? የሪኮል ጥገና በደንቡ ባለቤቱን አያስከፍልም፣ ከሌላ አገር በመጣች መኪና ላይ ግን አስቀድሞ ማረጋገጥ ይሻላል።

እስከዚያው ማንም ኤርባጉን እንዳይነካው። የሰፈር ኤሌክትሪሺያን በቴስተር ልለካው ቢላችሁ እንቢ በሉ፣ ከቴስተሩ የሚወጣው ትንሽ ኤሌክትሪክ ሊያፈነዳው ይችላል። መብራቱን በጥቁር ፕላስተር መሸፈንም መፍትሔ አይደለም።

ሲጨርሱ የተቀየረውን ዕቃና የጥሪውን ቁጥር የሚገልጽ ወረቀት ተቀብላችሁ ከሊብሬው ጋር አስቀምጡ። ከጥቂት ወራት በኋላ ቁጥሩን ደግማችሁ አስገቡት፣ አዲስ ጥሪ ሊወጣ ይችላል፤ የፍሬን፣ የነዳጅ ቱቦ፣ የመሪም ይኖራል። በተለይ የሐረጎን ቁልቁለት ለምትወርዱ የፍሬኑን አታሳልፉት።

የጎረቤቴ ቪትዝ የተሳፋሪው በኩል ኤርባግ ጥሪ አለበት። ቀጠሮ ይዟል። እስኪቀየር ድረስ እናቱን ከኋላ ወንበር ነው የሚያስቀምጣቸው።