ክረምቱን ለማኅበረሰብ ልምምድ ለምትወጡ ተማሪዎች፦ እነዚህን ስህተቶች ተጠንቀቁ

ሰኔ ሲጋመስ ስልኬ ዕረፍት ያጣል። «ልጄ አሥራ አንደኛ ክፍልን ጨርሳለች፤ ክረምቱን እናንተ ጋ ብታሳልፍስ?» ይላሉ እናቶች። የምሠራው አራት ኪሎ አካባቢ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ባለ የማኅበረሰብ ማዕከል ውስጥ ነው። ጠዋት ጠዋት የሰፈሩ ሕፃናት ንባብ ይለማመዱበታል። ከሰዓት አረጋውያን ይመጣሉ፤ ግፊታቸው ይለካል፣ ቡና ይፈላል፣ ጨዋታው ይደራል። ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎች በየክረምቱ አብረውን ይሠራሉ። ኢንተርንሺፕ የሚለው አለ፣ በጎ ፈቃድ የሚለው አለ፣ ልምድ መቅሰም የሚለውም አለ። በስሙ አንጣላም።

ብዙዎቹ ሲመጡና ሲሄዱ አንድ ዓይነት ልጆች አይደሉም። ሲመጡ ከወላጅና ከአስተማሪ ሌላ ትልቅ ሰው በወጉ አነጋግረው አያውቁም። ሲሄዱ ግን ከማያውቁት ሰው ፊት ቆመው መጠየቅ፣ መስማት፣ «አላወቅሁም፤ አጣርቼ እመለሳለሁ» ማለት ይችላሉ። እንደመጡ የሚሄዱም አሉ፤ ከክፍላቸው አንደኛ የሚወጡ ጭምር። ስህተቶቹን ሳያቸው በየዓመቱ ያው ናቸው። ግማሾቹ የተማሪዎቹ ናቸው፤ ግማሾቹ የእኛ የትልልቆቹ።

ከሰርተፊኬቱ መጀመር

የመጀመሪያው ቀን፣ የመጀመሪያው ጥያቄ፦ «ቲቸር፣ ሰርተፊኬት ይሰጣል?» አልፈርድባቸውም። ውጭ አገር ለመማር የሚያስቡ አሉ፤ የስኮላርሺፕ ማመልከቻ ስለ ማኅበረሰብ አገልግሎት ይጠይቃል። ወረቀቱ ይጠቅማል። ግን ወረቀቱን እያሰበ የሚውል ልጅ ዓይኑ ሰዓት ላይ ነው። ፊቱ የተቀመጠውን ሰው አያየውም።

የእኔንም ጥፋት ልናገር። ከዓመታት በፊት አንድ ተማሪ ሦስት ቀን መጥቶ ጠፋ። ነሐሴ ማለቂያ ላይ አባቱ ደወሉ። የቆየ ወዳጄ ናቸው። «ለአንድ ወረቀት መቼም አንጨካከንም» አሉኝ። ይሉኝታ ያዘኝና ሁለት ወር እንዳገለገለ አድርጌ ጻፍኩለት። ልጁ ሊወስድ ሲመጣ ዓይኔን ማየት አቃተው። እኔም የእሱን ማየት አቃተኝ። ያ ልጅ ከእኔ የተማረው ነገር ቢኖር ማኅተም በትውውቅ እንደሚገኝ ነው። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ከዚያ ወዲህ የምጽፈው የሆነውን ብቻ ነው፤ ስንት ቀን እንደመጣ፣ ከማን ጋር እንደሠራ፣ ምን ጀምሮ ምን እንደጨረሰ።

ስለዚህ ሰርተፊኬቱን አንድ ጊዜ ጠይቁ፣ መልሱን ስሙ፣ ከዚያ ተዉት። ይልቅ ደብተር ያዙ። ማታ ማታ ሦስት መስመር ጻፉ፤ ዛሬ ማንን አገኘሁ፣ ምን አቃተኝ፣ ነገ ምን ልሞክር። በኋላ ማመልከቻ ስትሞሉ የሚጠቅማችሁ ያ ደብተር ነው።

ትልቅ ስም ፍለጋ

ይህኛው በአብዛኛው የወላጅ ነው። ባንክ የሚሠራ ዘመድ ይፈለጋል፣ ትልቅ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሚታወቅ ሰው ይጠየቃል። ልጁ ይገባል። መስታወታም ሕንፃ ውስጥ ፎቶ ኮፒ ሲያነሳ ይከርማል። ሥራው የበዛበት ሰው ለአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ጊዜ የለውም፤ ክፋት የለበትም፣ እንዲያው አይመቸውም። ቤቱ አጠገብ ግን ጤና ጣቢያ አለ፣ የወጣት ማዕከል አለ፣ ዕድር አለ።

አዎ፣ ዕድር። ባለፈው ክረምት አንድ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ወደ አንድ የሰፈር ዕድር ላክን። ሥራው የአባላቱን መዝገብ ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ ነበር። ሲሰማ ፊቱ ጨፈገገ። መዝገቡ ጠርዙ የተበላ ወፍራም ደብተር ነው። የከፈለ በሰማያዊ፣ ያልከፈለ በቀይ እስክሪብቶ ተጽፏል። ችግሩ ደግሞ ሰፈሩ ለመልሶ ማልማት በመነሳቱ አባላቱ ተበትነዋል። አንዱ ኮዬ ፈጬ፣ አንዱ የካ አባዶ፣ አንዱ ጀሞ። አዲሱን አድራሻ ለማግኘት ለእያንዳንዱ መደወል ግድ ሆነ።

ልጁ ደወለ። «ሄሎ፣ አሁን የሚኖሩት የት ነው?» ጆሮው ላይ ተዘጋ። ሁለተኛውም ተዘጋ። በስልክ ማጭበርበር በበዛበት ጊዜ ለማያውቀው ሰው አድራሻውን የሚሰጥ ማን አለ? የዕድሩ ገንዘብ ያዥ፣ ሽማግሌ ናቸው፣ አጠገቡ ቁጭ ብለው ሰሙት። «ልጄ፣ መጀመሪያ እንዴት ዋሉ በል። ጤናቸውን ጠይቅ። ከዚያ ከየትኛው ዕድር እንደምትደውል ተናገር። የእኔን ስም ጥራ» አሉት። እንዳሉት አደረገ። ሦስተኛዋ እናት ሩብ ሰዓት አወሩት። የራሳቸውን አድራሻ ሰጡት፣ የጎረቤታቸውንም ጨመሩለት፣ ማን እንደታመመ፣ ማን እንዳረፈ ነገሩት።

ክረምቱ ሲያልቅ ልጁ ስለ ኤክሴል ብዙም አላወራኝም። ያወራኝ ስለ ዕድሩ ነው። ድንኳን፣ ወንበርና ሰሃን ያለው፣ ሐዘን ሲደርስ በሰዓታት ውስጥ ገንዘብ አውጥቶ የሚደርስ ማኅበር፣ በአንድ ደብተርና በመተማመን ብቻ እንዴት ይህን ሁሉ ዘመን እንደቆመ ገርሞታል። እኔንም ገረመኝ። አብሬው ያደግሁበት ነገር ነው፤ እንደዚያ አድርጌ አይቼው አላውቅም ነበር።

ያለ ደብዳቤ መሄድ

ይህን በአጭሩ። አሥራ ስምንት ዓመት ያልሞላው ልጅ ብዙውን ጊዜ የነዋሪነት መታወቂያ የለውም። ጥበቃው በር ላይ የሚያውቃችሁ በትምህርት ቤት መታወቂያና በደብዳቤ ነው። ደብዳቤው ቁጥር፣ ቀን፣ ፊርማ፣ ቲተር (የፈራሚው ስምና ኃላፊነት የተቀረጸበት ማኅተም) እና የትምህርት ቤቱ ማኅተም ይኑረው። አንዱ ከጎደለ መዝገብ ቤቷ ትመልሳችኋለች፤ እሷም ሥራዋ ነው። ሁለት ኮፒ ያዙ፣ አንዱን አስገቡ፣ ሌላው ላይ ገቢ አስደርጉ። ደግሞ ሰኔ ላይ አውጡት። ሐምሌ ከገባ ፈራሚው ዕረፍት ወጥቶ ታገኙታላችሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍሎች ደግሞ ብሔራዊ ፈተናውን ጨርሳችሁ ኑ፤ አእምሮ ለሁለት ሲከፈል አንዱም አይሆንም።

ሳያዩ ማስተማር

ስለዚህኛው ሳወራ አይደክመኝም።

አንዲት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ መጣች። ሂሳብ ላይ ኃይለኛ ናት። አንድ የሦስተኛ ክፍል ልጅ ሰጠናት፤ ማንበብ ያቃተው። የመጀመሪያውን ቀን ሰሌዳው ጋ ቆማ ጮክ ብላ አስተማረችው። የፊደል ገበታውን በዱላ እየጠቆመች ታስብለዋለች፣ እሱም ይላል። ከሀ እስከ ፐ ያለ ስህተት ዘለቀው። «ቲቸር፣ ይሄ ልጅ ጎበዝ ነው፤ ፊደሉን ሁሉ ያውቃል» አለችኝ።

በሦስተኛው ቀን ደከማት መሰለኝ ዱላውን አስቀምጣ አጠገቡ ቁጭ አለች። አፉን ማየት ጀመረች። ከዚያ በሁለት እጇ ገበታውን ሸፈነችውና አንዲት ፊደል ብቻ በጣቶቿ መሃል አሳየችው። «ሲ» ነበረች። ልጁ ዝም አለ። ቆየት ብሎ ከንፈሩ ቀስ ብሎ ተንቀሳቀሰ። ሰ... ሱ... «ሲ!» አለ። ሌላ አሳየችው። አሁንም ከመደቡ መጀመሪያ ተነሥቶ በሹክሹክታ ቆጠረ። ልጁ እስከዚያ ቀን ዜማውን ነበር የሚያውቀው። ፊደሎቹን ለይቶ አያውቃቸውም።

በማግስቱ የጫማ ካርቶን ቆራርጣ መጣች። በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ አንድ ፊደል፣ ቅደም ተከተሉ የተበጠበጠ። ላ እና ም አጋጠመች፤ ላም። ቤ እና ት፤ ቤት። በነሐሴ መጨረሻ ልጁ የዳቦ ቤቱን ማስታወቂያ ቆሞ ያነብ ነበር። ያንን ካርቶን ማንም አላዘዛትም። ቁጭ ብላ ስላየች ነው ያገኘችው።

ብዙ ተማሪዎች «ልረዳ ነው የመጣሁት» ብለው ይገቡና እጃቸው ከዓይናቸው ይቀድማል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቀናት ለማየት ስጡ። ማን ከማን ጋር ይቀመጣል? ማን ዝም ይላል? ሥራው የት ጋ ይቆማል? «የሚሠራ ነገር የለም» ብሎ ስልክ ላይ ማፍጠጥም የዚሁ ስህተት ሌላ መልክ ነው። ማዕከል ውስጥ ሥራ ጠፍቶ አያውቅም። መጽሐፍ ተዘበራርቋል፣ ብርጭቆ አልታጠበም፣ ጥግ ላይ የሚያናግራቸው ያጡ አዛውንት አሉ።

ካሜራ ማውጣት

አንዲት ተማሪ ከሰዓት ከሚመጡት አረጋውያን የአንዲት እማማ ግፊት ሲለካ ስልኳን ደቀነች። ቲክቶክ ላይ ልትለጥፈው ነው። ክፉ ሐሳብ አልነበራትም፤ ጓደኞቿም እንዲመጡ ፈልጋ ነው። እማማ ቀስ ብለው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። «ልጄ፣ ለማን ልታሳዪኝ ነው?» አሏት። መልስ አልነበራትም። ለቀናት እማማ አልመጡም።

ሰው ሲቸገር፣ ሲታመም፣ ሲያነብ ሲሳሳት ፎቶ አይነሳም። ሕፃናትን ያለ ወላጅ ፈቃድ በፍጹም። ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ጋር ቤት ለቤት የምትዞሩ ከሆነ ደግሞ የበለጠ ተጠንቀቁ። ያያችሁት በር ውስጥ ይቅር፤ ለቅርብ ጓደኛም አይነገር። ያቺ ተማሪ በኋላ እማማ ቤት ድረስ ሄዳ ይቅርታ ጠየቀች። ቡና አፍልተው ተቀበሏት።

የእኛ የተቀባዮቹ

ልጆቹን እንደ ነፃ ጉልበት የሚያዩ ቦታዎች አሉ። መጥረግና መላላክ አያሳፍርም፣ እኛም ጋ ሁሉም ይጠርጋል። ግን ክረምቱን ሙሉ መጥረግ ብቻ ከሆነ ልጁ ተበድሏል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። ከ15 እስከ 18 ያለው «ወጣት ሠራተኛ» በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ ወይም ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ሊሠራ አይችልም፤ ትርፍ ሰዓት፣ የሳምንት ዕረፍትና የሕዝብ በዓልም እንደዚያው። የእኛ ተማሪዎች ተቀጣሪ አይደሉም። እኔ ግን ልኬን የምወስደው ከዚያ ነው። ለተቀጠረ ልጅ የበዛ ነገር ለበጎ ፈቃደኛ እንዴት አይበዛም? እኛ ጋ በቀን አራት ሰዓት ይበቃል።

ሌላም አለ። አንድ ልጅ እያረፈደ አስቸገረኝ። አንድ ቀን ሰው ፊት ተቆጣሁት። ጫማው ውኃ ቋጥሮ ነበር፤ እኔ አላየሁትም። ጓደኛው ለብቻዬ ጠርቶኝ ነገረኝ። ለካ የታክሲ ስለሌለው ከሽሮ ሜዳ በእግሩ ነበር የሚመጣው፤ በሐምሌ ዝናብ። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ እህል አልበላሁም። ይቅርታ ጠየቅሁት፣ ግን የተናገርኩት ቃል አይመለስም። አሁን ልጅ ስንቀበል መጀመሪያ የምንጠይቀው እንዴት እንደሚመጣና ምሳ እንዴት እንደሚያደርግ ነው። ሰው በሌለበት፣ ቀስ ብለን። ተማሪዎችም አትፈሩ፣ ተናገሩ። ወላጆችም ልጃችሁን ስታስገቡ ይህን ጠይቁ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ሳይሰናበቱ መቅረት

ጳጉሜን ሲቃረብ ትምህርት ቤት ምዝገባ አለ፣ የዓመት በዓል ግርግር አለ። ልጆቹ አንድ ቀን ይመጣሉ፣ በማግስቱ የሉም። ጠዋት ሕፃናቱ በሩን እያዩ ይቀመጣሉ። «እህት ዛሬም አትመጣም?»

እኛ ጋ ከሚመጡት እናቶች አንዷ ፊደል የቆጠሩት በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ያስተማረቻቸው ተማሪ ነበረች፤ ከእሳቸው ታንሳለች። ስሟን እስከ አባቷ ያውቁታል። የመጨረሻ ቀን እርሳሷን ሰጥታቸው እንደሄደች ዛሬም ያወራሉ። ልጅቷ ራሷ ታስታውሰው ይሆን?

የምትሄዱበትን ቀን ከሳምንት በፊት ተናገሩ። ለሕፃናቱም ለአረጋውያኑም። ከእናንተ በኋላ ለሚመጣው ደግሞ የያዛችሁትን ሥራ ጽፋችሁ ተዉለት። ካርቶን የቆራረጠችው ተማሪ ስትሄድ ፊደሎቹን በላስቲክ አሥራ ሣጥን ውስጥ አስቀመጠች። ከላይ አንድ ገጽ ወረቀት አለ፦

«ቀኝ ጆሮው በደንብ አይሰማም፤ በግራ በኩል ተቀመጡ። ረ እና ሪ አሁንም ያምታቱታል። ሲሳሳት አትሳቁ፣ ለሁለት ቀን ያኮርፋል። ዳቦ የሚለውን ቃል ይወደዋል፤ ከእሱ ጀምሩለት።»